29 ገጾች፦ ለጀማሪ ተብሎ የተሠራው የዙሪክ ቋንቋ

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች በመጀመሪያው የፕሮግራሚንግ ኮርሳቸው ደጋግመው ከሚጽፏቸው ቃላት አንዱ “ፎር” ነው። አንድን ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ደጋግመህ ሥራ ብሎ ኮምፒውተርን ማዘዣ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ በመሆኑ ከአሜሪካ የመጣ ይመስላል፤ የዘር ሐረጉ ግን የሚመዘዘው ከዙሪክ ነው። ሃይንስ ሩቲስሃውዘር የተባለ የስዊዘርላንድ የሂሳብ ሊቅ ከ1949 እስከ 1951 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ለስሌት መኪና ትእዛዝ መጻፊያ የሚሆን ቋንቋ ሲነድፍ፣ ድግግሞሽን የሚያዘውን መስመር በጀርመንኛው “ፉር” ጀመረው። በአማርኛ “ለ” ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በዙሪክ በተደረገ ጉባኤ ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ፤ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተወረሰም ባሕር ዳርና ጅማ ድረስ ዘለቀ።

በዙሪክ ምዕራባዊ ክፍል፣ በአልትሽቴተን ነዋሪ ነኝ። ከአገር ቤትም፣ እዚህም ካሉ ወጣቶች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ “የትኛውን የፕሮግራም ቋንቋ ልማር?” የሚል ነው። ሙያዬ ምጣኔ ሀብት ነው፤ ፕሮግራም የምጽፈውም መረጃ ለመተንተን ያህል ነው። ስለዚህ ጥያቄው ወደ እኔ የሚመጣው ስለ ኮምፒውተር ሳይሆን ስለ ሥራ ገበያ አውቃለሁ ተብሎ ይመስለኛል። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ደመወዝ የሚያመጣውን ቋንቋ ነው፤ ይህም ተገቢ ፍላጎት ነው። ይሁን እንጂ ከምኖርበት ሰፈር ብዙም በማይርቅ ተቋም ውስጥ፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት አንድ መምህር ጥያቄውን ገልብጦ ጠይቆት ነበር፦ ለጀማሪ የሚሻለው ቋንቋ ገበያው የሚጠቀምበት ባይሆንስ? የሰጠው መልስ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል የብዙ ዩኒቨርሲቲዎችን ክፍል ገዛ፤ ኋላም ተሸነፈ። ድሉም ሽንፈቱም ዛሬ በእኛ የመማሪያ ክፍሎች ስላለው ችግር የሚነግረን ነገር አለ።

በ1940ዎቹ መጨረሻ የስዊዘርላንድ ፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም (በምህጻረ ቃሉ ኢቲኤች) ኮምፒውተር አልነበረውም፤ እንደ ዛሬው ከገበያ የሚገዛም አልነበረም። የሂሳብ ፕሮፌሰሩ ኤድዋርድ ሽቲፈል በ1949 ወደ ደቡብ ጀርመን ወርዶ፣ ኮንራድ ትሱዘ የተባለው መሐንዲስ በጦርነቱ ማብቂያ ከበርሊን አሽሽቶ በአንድ የባቫሪያ መንደር ያስቀመጠውን “ትሴት 4” የተባለ የስሌት መኪና አየ፤ ተከራየውም። መኪናው በ1950 ዙሪክ ገባ፤ እስከ 1955ም እያንቋቋ ሠራ። ትእዛዞቹ የሚበሱት በፊልም ጥቅል ላይ ነበር። (በዚያው በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በሩን ከፈተ። የሁለቱ ተቋማት ርቀት የሰማይና የምድር ያህል ቢሆንም፣ በኮምፒውተር ረገድ ዙሪክም በኪራይ መኪና ነበር የጀመረችው።) ሩቲስሃውዘር ከሽቲፈል ረዳቶች አንዱ ሲሆን፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጅ እያዘጋጁ መብሳት ሲያሰለቸው፣ መኪናው ራሱ ከሰው ጽሑፍ ተነሥቶ የራሱን ትእዛዝ እንዲያዘጋጅ ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ አመነጨ። ዛሬ ኮምፓይለር የምንለው ይኸው ነው።

በ1958 ከግንቦት ማለቂያ እስከ ሰኔ መግቢያ አራት አውሮፓውያንና አራት አሜሪካውያን ኢቲኤች ተሰብስበው “አልጎል” የተባለውን ቋንቋ ነደፉ። ጉባኤው አስርዮሽ የሚጻፈው በነጥብ ነው ወይስ በኮማ በሚል ክርክር ሊበተን ደርሶ ነበር። የተገኘው መውጫ ብልህ ነበር፦ ቋንቋው ሦስት መልክ ይኖረዋል፤ አንዱ ለማጣቀሻ፣ አንዱ ለኅትመት፣ አንዱ ለመኪናው። በኅትመቱ መልክ እያንዳንዱ አገር የለመደውን ምልክትና ቃል መጠቀም ይችል ነበር። ሐሳቡ ከቃሉ ይቀድማል የሚለው እምነት በቋንቋው አወቃቀር ውስጥ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ መምህሩ እንምጣ። ኒክላውስ ቪርት የተወለደው በ1934 በዙሪክ አቅራቢያ ባለችው በቪንተርቱር ነው። (አልትሽቴተን የራስዋ አስተዳደር ያላት ቀበሌ መሆንዋ ቀርቶ ከዙሪክ ከተማ ጋር የተዋሐደችውም በዚያው ዓመት ነው።) በኢቲኤች ተምሮ በ1959 ተመረቀ፤ ወደ ካናዳ፣ ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ፤ በ1963 በበርክሌይ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ በስታንፎርድ አስተማረ። አልጎልን የሚተካ ቋንቋ እንዲያዘጋጅ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ውስጥ ከእንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ጋር ቀለል ያለ ረቂቅ አቀረበ። ኮሚቴው የመረጠው ግን ሌላውን፣ እጅግ ሰፊና ረቂቅ የሆነውን ሐሳብ ነበር። ቪርት በ1967 ወደ ዙሪክ ተመለሰ፤ በ1968 በተማረበት በኢቲኤች ፕሮፌሰር ሆኖ፣ ኮሚቴው ያልፈለገውን ቋንቋ ብቻውን ከጥቂት ረዳቶች ጋር ሊሠራ ተቀመጠ። ስሙን ፓስካል አለው። ብሌዝ ፓስካል ግብር ሰብሳቢ ለነበረው አባቱ ስሌት እንዲያቀልለት በ1642 የመደመሪያ መሣሪያ መሥራት የጀመረ ወጣት ነበር። የኮምፒውተር ቅድመ ታሪክ ከግብር ቢሮ መነሣቱን የምጣኔ ሀብት ሰዎች ከሚገባው በታች እንኮራበታለን።

የቪርት መነሻ የማስተማር ችግር ነበር። በዘመኑ መሐንዲሶች የሚማሩት ፎርትራንን ነበር። ተማሪ “ይህ ሕግ ለምን እንዲህ ሆነ?” ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ከ“እንዲህ ስለሆነ ነው” የተሻለ መልስ አልነበረውም፤ ብዙዎቹ ሕጎች የመጡት ከአንድ የተወሰነ መኪና ጠባይ እንጂ ከአመክንዮ አልነበረምና። ቪርት ተማሪ ሐሳቡን መጀመሪያ የሚገልጥበት ቋንቋ በአስተሳሰብ ልማዱ ላይ አሻራ ይተዋል፣ የመጀመሪያው ቋንቋ የተዘበራረቀ ከሆነ ዝብርቅርቁ አብሮ ያድጋል ብሎ ያምን ነበር። ስለዚህ ሁለት ግብ አስቀመጠ፦ ቋንቋው ፕሮግራሚንግን ጥቂት መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ያሉት ሥርዓት ያለው ሙያ አድርጎ ለማስተማር የሚያመች ይሁን፤ ደግሞም በእውነተኛ ኮምፒውተር ላይ በፍጥነትና በአስተማማኝነት ይሥራ። ሁለተኛው ግብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ቪርት መጫወቻ ለመሥራት አልተነሣም።

በ1971 በአንድ የሙያ መጽሔት የወጣው የቋንቋው ሙሉ መግለጫ 29 ገጽ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ በ1998 የጸደቀው የመጀመሪያው የሲ ፕላስ ፕላስ ዓለም አቀፍ መስፈርት ከ700 ገጽ ይበልጣል።

ኮምፓይለሩ የተሠራበት መንገድ ራሱ ትምህርት ነው። በፎርትራን የተሞከረው የመጀመሪያው ሥራ ከሸፈ፤ የፓስካልን አወቃቀር በፎርትራን መግለጽ አልተቻለም። ቡድኑ ያን ጥሎ ኮምፓይለሩን በራሱ በፓስካል ጻፈው፤ በወቅቱ ግን ፓስካልን የሚያነብ አንድም ኮምፒውተር በምድር ላይ አልነበረም። ከረዳቶቹ አንዱ ለሁለት ሳምንት ቤቱ ተቀምጦ ያን ጽሑፍ በእጁ ወደ ዝቅተኛ የመኪና ቋንቋ ተረጎመ። ትርጉሙ በኢቲኤች ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ዋናውን ጽሑፍ ማንበብ ቻለ፤ ከዚያ በኋላ ፓስካል በራሱ እግር ቆመ። ማንም ሳይሞክረው በወረቀት ላይ የተጻፈ ትልቅ ፕሮግራም ወደ መኪናው ገብቶ የሠራው ጽሑፉ ሰው ሊያነበው፣ ሊከተለው የሚችል ስለነበረ ነው።

ወረቀቱን ያነሣሁት በምክንያት ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኢቲኤች ተማሪ ኮምፒውተር ፊት አይቀመጥም ነበር። ፕሮግራሙን በወረቀት ይጽፋል፣ በካርድ ላይ ያስበሳል፣ የካርዱን እሽግ ያስረክባል፣ ውጤቱን ቆይቶ ይወስዳል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከጎደለች እንደገና ተራ መያዝ ነው። እጥረት ነበር። ቪርት ይህን እጥረት የማስተማሪያ ዘዴ አደረገው። በ1971 ባሳተመውና እስከ ዛሬ በሚነበበው ጽሑፉ ፕሮግራም ደረጃ በደረጃ እየተብራራ የሚጻፍ ነገር መሆኑን አሳየ፤ ምሳሌው በቼዝ ገበታ ላይ ስምንት ንግሥቶችን እርስ በርስ ሳይጠቃቁ የማስቀመጥ እንቆቅልሽ ነበር። መጀመሪያ ሥራውን በሰው ቋንቋ በጥቂት መስመር ጻፍ፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ወደ ትንንሽ መስመሮች ዘርዝር፤ በእያንዳንዱ እርከን ምን እንደወሰንህና ምን አማራጭ እንደተውህ እወቅ፤ መኪናው የሚረዳው ደረጃ ላይ ስትደርስ ቁም።

በቼዝ ፋንታ እቁብ እንውሰድ። 12 አባላት አሉ፤ በየወሩ አንድ ሰው ዕጣ ይደርሰዋል። የመጀመሪያው እርከን በአማርኛ ይጻፋል፦ “ለእያንዳንዱ ወር፦ ገንዘብ ሰብስብ፤ ካልደረሳቸው መካከል ዕጣ አውጣ፤ ለባለ ዕጣው ስጥ፤ ስሙን ከዕጣው አውጣ።” ይህ ራሱ ፕሮግራም ነው፤ ማንኛዋም የእቁብ ዳኛ አንብባ ስህተቱን ልታርም ትችላለች። ሁለተኛው እርከን “ዕጣ አውጣ” የሚለውን መዘርዘር ነው። አንዱ ተማሪ “ከ1 እስከ 12 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዘፈቀደ ምረጥ፤ የደረሰው ሰው ከሆነ ድገም” ይላል። ትክክል ነው፤ ይሠራል። ነገር ግን በመጨረሻው ወር አንድ ሰው ብቻ ሲቀር የእርሱ ቁጥር እስኪወጣ በአማካይ 12 ጊዜ መሞከር ይጠይቃል፤ ጠቅላላው እቁብ በ12 ፋንታ በአማካይ 37 ያህል ዕጣ ይፈልጋል። ሌላዋ ተማሪ “ካልደረሳቸው ስብስብ ውስጥ ብቻ ምረጥ” ትላለች፤ የእርሷ በትክክል 12 ይበቃዋል። ይህ ልዩነት ኮምፒውተር ሳይነካ፣ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሊታይ የሚችል ነው። የፕሮግራሚንግ መሠረት የምንለውም ይህንን ማየት ነው።

ሦስተኛው እርከን ላይ ነው ቋንቋው ለውጥ የሚያመጣው። በፓስካል “ስብስብ” የቋንቋው አካል ስለሆነ ያልደረሳቸው አባላት ከ1 እስከ 12 ያሉ ቁጥሮች ስብስብ ናቸው ብሎ እንዳለ መጻፍ ይቻላል። የአባላቱ ዝርዝርም ከ1 ይጀምራል፣ በ12 ያበቃል፤ 13ኛ አባል ቢጠራ ፕሮግራሙ ስህተት ነው ብሎ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። በሲ ፕላስ ፕላስ በተለምዶ ለጀማሪ የሚሰጠው ዝርዝር ከ0 እስከ 11 ይቆጠራል። ተማሪው በልማድ 12ኛውን አባል ከጠራ ቋንቋው አይከለክለውም፤ የሌላ ነገር ማስቀመጫ የሆነውን የማኅደረ ትውስታ ክፍል አንሥቶ ሊሰጠው ይችላል። ይህ የሆነበት በቂ ምክንያት አለ፤ ቋንቋው የተሠራው ፍጥነት ለሚሹና የሚያደርጉትን ለሚያውቁ ባለሙያዎች ነው። ለጀማሪ ግን ማብራሪያው “እንዲህ ስለሆነ ነው” ወደሚለው፣ ቪርት ወደሸሸው መልስ ይመልሰናል።

ፓስካል የተስፋፋው ብዙም ሳይከፈልበት ነበር። የዙሪኩ ቡድን በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ የሚተከል ጥቅል አዘጋጅቶ ለጠየቀው ሁሉ ላከ፤ በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ለትንንሽ ኮምፒውተሮች የተስማማው ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ወደ ጄኔቭም ደርሷል። በ1980 ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማእከል የሰዎችን፣ የፕሮግራሞችንና የመሣሪያዎችን ትስስር ለመመዝገብ የጻፈው ኤንኳየር የተባለው ፕሮግራም፣ ማለትም የድረ ገጽ ቅድመ አያት፣ የተጻፈው በፓስካል ነበር። በ1983 በዙሪክ ሂሳብ የተማረው ፈረንሳዊው ፊሊፕ ካን ቱርቦ ፓስካልን በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ለገበያ አቀረበ፤ ተፎካካሪዎቹ በመቶዎች ዶላር በሚሸጡበት ጊዜ። በ1984 የአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የላቀ የኮምፒውተር ሳይንስ ፈተና ሲጀመር ቋንቋው ፓስካል ነበር። ቪርትም በዚያው ዓመት የቱሪንግ ሽልማትን አገኘ።

ሽንፈቱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። አንደኛው የራሱ ጉድለት ነው። በ1981 ብራያን ከርኒሃን ከቤል ላብራቶሪ ሆኖ እንደተቸው፣ በፓስካል ዐሥር ፊደል ያለው ጽሑፍና ዐሥራ አንድ ፊደል ያለው ጽሑፍ የተለያዩ ዓይነቶች ነበሩ፤ አንዱን እንዲያስተናግድ የተጻፈ መመሪያ ሌላውን አይቀበልም። ለክፍል ውስጥ ልምምድ ችግሩ ትንሽ ነው፤ ትልቅ ሥራ ለሚሠራ ሰው ግን እግር ብረት ነው። ትችቱ ትክክል ነበር፤ ቪርትም በኋለኞቹ ቋንቋዎቹ በሞዱላ 2 እና በኦቤሮን ብዙውን አርሟል። ሁለተኛው ግን ከቋንቋው ጥራት ጋር ግንኙነት የሌለው ነው፦ አሠሪዎች ሲን፣ ቀጥሎም ሲ ፕላስ ፕላስን ፈለጉ፤ ተማሪዎች አሠሪዎችን ተከተሉ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ተከተሉ። የአሜሪካው ፈተና በ1999 ወደ ሲ ፕላስ ፕላስ ተዛወረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ጃቫ። ቪርትም በ1999 ጡረታ ወጣ። ዛሬ በእርሱ ተቋም ውስጥ እንኳ ጀማሪዎች ጃቫንና ሲ ፕላስ ፕላስን ይማራሉ።

ጋሪ ቤከር በ1964 በታተመው መጽሐፉ አጠቃላይ ሥልጠናን ከተለየ ሥልጠና ለይቶ ነበር። ለአንድ ድርጅት ብቻ የሚጠቅም ችሎታ ከሆነ ድርጅቱ ወጪውን ይጋራል። በሁሉም ቦታ የሚጠቅም ከሆነ ግን ሠራተኛው ይዞት ስለሚሄድ ድርጅቱ አይከፍልም፤ ወጪው በተማሪው ወይም በሕዝብ ላይ ይወድቃል። አንድን ችግር ከፋፍሎ የማየት ችሎታ ከማንኛውም ቋንቋ ይበልጥ አጠቃላይ ነው። ስለዚህ ገበያው ይህን እንዲያስተምርልን መጠበቅ አይቻልም፤ ቋንቋ መርጦ ይነግረናል እንጂ መሠረት አይከፍልልንም። ፓስካልን የከፈለው የስዊዘርላንድ ግብር ከፋይ ነው። ሥራው የተከናወነውም ኢቲኤች ራሱን የቻለ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት ክፍል በ1981 ከማቋቋሙ ዐሥር ዓመት ቀድሞ፣ ለሂሳብና ለምህንድስና ተማሪዎች ሲባል ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1990ዎቹ በጣት የሚቆጠሩ የነበሩት የኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከአዲስ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ የወጣው ፖሊሲ የፕሮግራሚንግን የመጀመሪያ ኮርስ በብዙ ሺህ ተማሪዎች ፊት አቆመው። በብዙዎቹ ክፍሎች የተመረጠው ቋንቋ ሲ ፕላስ ፕላስ ነበር። እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ለብቻው ሲታይ ምርጫው ምክንያታዊ ነው፦ መጽሐፉ አለ፣ ኮምፓይለሩ ነጻ ነው፣ ስሙ በሥራ ማስታወቂያ ላይ ይታያል። እኔ በተማርኩበት የክልል ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ጓደኞቼ አንድን ኮምፒውተር ለአራትና ለአምስት ይጋሩ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ጥቁር ሰሌዳው መመለስ ነው። ፈተናው በወረቀት ነበር። ከፈተና በፊት ሌሊቱን የሚሸመድዱት የትኛው ምልክት ከየትኛው በኋላ እንደሚመጣ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ችግሩ ወረቀቱ ነው ይላል። አልስማማም። ዙሪክም በወረቀት ነው ያስተማረችው። ልዩነቱ በወረቀቱ ላይ የተጠየቀው ነገር ነው። 29 ገጽ የሆነ ቋንቋ በጭንቅላት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሊያዝ ስለሚችል፣ ወረቀቱ ለማሰቢያ ነጻ ይሆናል። 700 ገጽ የሆነ ቋንቋ ያለ ኮምፒውተር ሲሰጥ፣ ወረቀቱ የምልክት ማስታወሻ ብቻ ይሆናል፤ ስህተትን የሚናገር መኪና በሌለበት ተማሪው ስህተቱን የሚያውቀው ቀይ እስክሪብቶ ሲያርፍበት ነው። ኢቲኤች ዛሬ ሲ ፕላስ ፕላስን ማስተማር የሚችለው እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ኮምፒውተር ይዞ፣ በትንንሽ ቡድን ረዳት አስተማሪ ተመድቦለት ስለሚሠራ ነው። እኛ የወሰድነው ቋንቋውን ነው፤ ዙሪያውን የሚደግፈው ነገር በጥቅሉ ውስጥ አልነበረም።

ቪርት ጥር 1 ቀን 2024 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬትስ ጋር በመተባበር የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርን ጀመረች፤ በኢንተርኔት የሚሰጥ፣ ምስክር ወረቀት የሚያስገኝ አጭር ሥልጠና ነው። ከምስክር ወረቀቱ ቁጥር ጋር ጠብ የለኝም፤ በሩን ላላየ ሰው በር ማሳየት መልካም ነው። የሚያሳስበኝ የዩኒቨርሲቲው ኮርስም ራሱን በዚያው ሚዛን መመዘን እንዳይጀምር ነው። አጭር ሥልጠና ለአሠሪ ምልክት ይሰጣል። ረጅሙንና ገበያ የማይከፍልበትን ሥራ ሊሠራ የሚችለው ዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው።

ወደ ፓስካል እንመለስ እያልኩ አይደለም። ፓይተን ለጀማሪ በብዙ መንገድ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በአምስተርዳም ለማስተማሪያ ከተሠራ ኤቢሲ ከተባለ ቋንቋ የተወለደ ነው። የቋንቋ ለውጥ ግን መምህራንን ማሠልጠን፣ ሞጁል መጻፍና ላብራቶሪ ማሟላት ይጠይቃል። ፈተናውን መለወጥ አንድም ብር አይጠይቅም፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሊጀመር ይችላል። የመጀመሪያው እርከን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ እንዲጻፍ መፍቀድም የ1958ቱ ጉባኤ ለኅትመት መልክ ከሰጠው ፈቃድ ብዙም አይርቅም። “በሚከተለው ፕሮግራም ውስጥ የጎደለውን ምልክት አስገባ” በሚለው ጥያቄ ቦታ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፦ “12 አባላት ያሉት እቁብ ዕጣ የሚያወጣበትን አሠራር በሦስት እርከን ጻፍ። በመጀመሪያው እርከን በምትፈልገው ቋንቋ መጻፍ ትችላለህ። በሁለተኛው እርከን ያደረግኸውን አንድ ውሳኔና የተውኸውን አማራጭ አስረዳ። አንድ አባል በመሐል ቢወጣ ከሦስቱ እርከኖች የትኛው ይለወጣል?”